ሸማና እንግዳ፤ ስለ ይፋት የተጻፉት መጻሕፍት ያዩትና ያላዩት

ስለ አገራችን ሰው እንግዳ ተቀባይነት የሚጻፈው ነገር ብዙ ነው። ነገር ግን የሚበልጠው ክፍል ውዳሴ እንጂ ነገሩን ገልጦ የሚያሳይ አይደለም። ጸሐፊው ሕዝባችን እንግዳ አክባሪ መሆኑን ተናግሮ ይጀምርና በዚያው ቃል ይጨርሳል፤ እንግዳው ከደጅ ሲደርስ ማን እንደ ተነሣለት፥ እግሩን ማን እንዳጠበው፥ ባለቤቱ ሸማውን ከትከሻው ወዴት እንዳወረደው፥ ወጡ በማን ድስት እንደ ተሠራ ሳይነግረን ይቀራል። ስለ ጥንት ልብስ የሚጻፈውም እንደዚሁ ነው። ኩታ፥ ጋቢ፥ ቡልኮ፥ ጃኖ፥ በርኖስ እያለ እንደ ነጋዴ መዝገብ ይቆጥራል እንጂ፥ ልብሱ በሰውና በሰው መካከል ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበረ አይናገርም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፥ ልብስና የእንግዳ አቀባበል በቀድሞው ሥርዓት አንድ ነገር እንደ ነበሩና ተለያይተው ሲጻፉ ሁለቱም እንደሚበላሹ ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር፥ ስለ አንድ አገር፥ ስለ ይፋት፥ የሚናገሩ መጻሕፍትን ይዤ ልመርምር።

ይፋትን ያላየ አንባቢ ቢኖር መንገዱ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ፥ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስፈለፈለውን የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፥ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ቁልቁል ሲወርድ፥ ደጋው ላይ የደረበውን ልብስ አንድ በአንድ ማውለቅ ይጀምራል። ታች ሲደርስ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ከዚያ ጥቂት እንደ ተጓዘ ጀውሃን ያገኛል፤ ቀጥሎ ሰንበቴ፥ ከሰንበቴም ወዲያ አጣዬ ነው። ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት፥ ዛሬም በሽንኩርቱና በማሾው የሚታወቅ ቆላ ነው። አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞው፥ ከበረሃው የሚወጣው አፋር በአንድ ገበያ ይገናኙበታል። ደገኛው በቡልኮ ተጠቅልሎ እሳት በሚሞቅበት ሰዓት፥ የዚህ አገር ሰው ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ይፈልጋል። እንግዲህ ስለ ሸማና ስለ እንግዳ የደጋው ሰው የሚጽፈው ሁሉ እዚህ ሲደርስ ይፈተናል ማለት ነው።

በኤሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 ዓመት፥ በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነግሠው በነበሩበት ጊዜ፥ ለንደን ላይ ሁለት የጉዞ መጻሕፍት ታትመው ወጡ። የሁለቱም ጸሐፊዎች ከተጁራ ወደብ ተነሥተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው ሸዋ የገቡት በይፋት በር፥ በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል ነው። እነዚህ መንደሮች ከጀውሃ በስተ ደቡብ በዚያው ተረተር ግርጌ ያሉ ናቸውና፥ ስለ እነርሱ የተጻፈው ለቆላው ይፋት ሁሉ ይረዳል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ይባላል። በ1841 ከቦምቤይ ተልኮ የመጣ የእንግሊዝ መልእክተኛ ስለ ነበረ፥ ብዙ ጓዝና ብዙ ስጦታ ይዞ ነበር፤ ከስጦታውም መካከል ጠብመንጃና መድፍ፥ የካሽሚር ሻልና የሙዚቃ ሣጥን ይገኙ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። መጽሐፉ ሦስት ቅጽ ነው። ሐሪስ ዐይኑ የሰላ፥ ብዕሩም ያልደከመ ሰው መሆኑን አልክድም፤ የአንኮበርን ተራራ ሲጽፍ አንባቢውን ከነፈረሱ ያስወጣዋል። ነገር ግን ቋንቋው እንደ ተሸለመ በቅሎ ነው፤ ጌጡ ስለሚበዛበት በቅሎዋ አትታይም። የሸዋን መኳንንት ልብስ የሚያየው እንደ ቀለም ነው፤ ነጩን፥ ቀዩን፥ የብሩን ብልጭታ። ግብሩንም የሚያየው በአዳራሹ ጥግ ለተመልካች እንደ ተዘጋጀ ትርኢት ነው። ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ይነግረናል፤ ስለ ምን እንደሚያደርጉት ግን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም፤ ምናልባትም መልእክተኛ ስለ ሆነ አላስፈለገው ይሆናል።

ደግሞም እርሱ እንግዳ የሆነው ለንጉሥ ነው። የንጉሥ እንግዳ የሚተዳደረው በድርጎ ነው። እንጀራው፥ ጠጁ፥ በጉ፥ ማሩ በየቀኑ ከመንግሥት ጎተራና ግምጃ ቤት ይመጣለታል። ድርጎ የሚበላ ሰው የአገሩን መስተንግዶ አየሁ ቢል ተሳስቷል፤ ያየው የመንግሥትን ቸርነት ነው። የመንግሥትን ጎተራ የሚሞላው ደግሞ ገበሬው ነውና፥ ያን ጊዜ ሐሪስን ያስተናገደው ስሙ በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ የይፋት ባላገር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሁለተኛው ጸሐፊ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል ሐኪም ነው። በ1842 ወደ ሸዋ ሲገባ እንደ ሐሪስ ያለ ክብርና ጓዝ አልነበረውም፤ በአልዩ አምባም ንዳድ ይዞት ታሞ ተቀመጠ። መጽሐፉ ሁለት ቅጽ ሲሆን፥ ስለ ወንዞችና ስለ ነገዶች ትውልድ የሚያነሣው ግምት አንባቢን ያደክማል። ግን ስለ ይፋት ማወቅ ለሚወድ ሰው ከሐሪስ ሦስት ቅጽ ይልቅ የጆንስተን ሁለተኛው ቅጽ ይበልጥብኛል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የታመመ እንግዳ አደባባይ አይወጣም፤ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ከጧት እስከ ማታ የቤቱን ሥራ ያያል። እህሉ እንዴት እንደሚፈጭ፥ እንጀራው እንዴት እንደሚጋገር፥ ጠላው እንዴት እንደሚጠመቅ ጆንስተን ያውቃል፤ የሚያውቀውም በጢስ መካከል ተኝቶ ስላየው ነው። ሐሪስ የበላውን ይናገራል፤ ጆንስተን ያበላውን እጅ ይናገራል። በእንግዳ ጉዳይ ላይ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት የለም።

ሆኖም በአንድ ነገር ሁለቱም ደካሞች ናቸው፤ ሸማ ቋንቋ መሆኑን በሚገባ አልደረሱበትም። ይህ ለእኛ ለአንባቢዎቹም የሚያስቸግር ነገር ሆኗልና፥ ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ብናገር ይቅርታ ይደረግልኝ።

በቀድሞው ሥርዓት ሰው ከሰው ጋራ ሲገናኝ ከአፉ በፊት ሸማው ይናገር ነበር። እኩያውን ያገኘ ሰው ሸማውን ከአንድ ትከሻው ዝቅ ያደርጋል። የሚበልጠውን ያገኘ ከሁለቱም ትከሻው ያወርዳል። በጌታው ፊት የሚቆም አሽከር ሸማውን ከደረቱ በታች አውርዶ ወገቡ ላይ ይጠመጥማል፤ ይህም ማደግደግ ይባላል። ትልቅ ሰው በበታቾቹ መካከል ሲቀመጥ እስከ አፍንጫው ይከናነባል፤ ፊቱ ለሁሉ የተሰጠ እንዳልሆነ ማሳየቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ምእመን ነጠላውን በመስቀለኛ ያጣፋል። ኀዘን የደረሰበት ሰው ጥለቱን ዘቅዝቆ ወደ ላይ ያደርጋል፤ በመንገድ የሚያገኘው ሰውም ሳይነገረው እግዚአብሔር ያጥናህ ይለዋል። አንዱ ሸማ በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ሁሉ ቃል ይናገር ነበር፤ የቃሉ ልዩነት ያለው በአለባበሱ እንጂ በጨርቁ ዋጋ አይደለም። ባለ ጥበቡም፥ ጥለቱ ያረጀበትም ድኻ ይህንን ቋንቋ እኩል ያውቁታል።

እንግዲህ ይህ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። የመሸበት መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አሳድሩኝ ሲል የእግዜር እንግዳ ይባላል። ባለቤቱ ተነሥቶ ይቆማል፤ ሸማውን ያወርዳል። በዚህ ጊዜ የማን ልጅ እንደ ሆነ፥ ባለጸጋ ይሁን ድኻ አላወቀም። ሸማውን ያወረደው ለሰውየው ማዕረግ አይደለም፤ እንግዳ ለመሆኑ ነው። ገብቶ ሲቀመጥ እግሩ ይታጠባል። መጠጡ ሲቀርብ የሚቀዳው አሳላፊ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ አስቀድሞ ይቀምሳል፤ በዋንጫው ውስጥ ክፉ ነገር አለመኖሩን የሚያስታውቅ ምስክርነት ነው። ትልቅ ሰው ሲበላና ሲጠጣ ደግሞ አሽከሮቹ ሸማቸውን ዘርግተው ከዐይን ይጋርዱታል። ልብሱ በዚህ ጊዜ ግድግዳ ይሆናል። እምቢ ያለውን እንግዳ ለማስጎረስ በሞቴ፥ አፈር ስሆን እየተባለ ይለመናል። ሊተኛም ሲል ጋቢው ይሰጠዋል፤ ባለቤቱ ሌላ ልብስ ከሌለው እርሱ በእሳቱ ዳር ያነጋል። ሐሪስ ሦስት ቅጽ ጽፎ የዚህን ሥርዓት ፍሬ ነገር አላገኘውም፤ ለንጉሥ እንግዳ ጋቢውን አውልቆ የሚሰጠው ሰው አይኖርምና።

ቋንቋችንም ምስክር ነው። ሸለመ የሚለው ቃል ዛሬ ዋንጫና የምስክር ወረቀት ለመስጠት ይነገራል እንጂ በጥንቱ አነጋገር ሽልማት ማለት ከሁሉ በፊት ልብስ ነው፤ ጌታ የሚያከብረውን ሰው ያለብሰዋል። ማደግደግ ግን መጥፎ ዕድል ደረሰበት። ሸማ የማውረድ ስም የነበረው ቃል ዛሬ ለባለ ሥልጣን የሚሽቆጠቆጥ ሰው መነቀፊያ ሆኗል። ልብሱ ሲጠፋ ቃሉ ራቁቱን ቀረና ሰው ሁሉ ነውሩን ብቻ አየበት። በእርግጥ ነውርም ነበረበት፤ ስለዚህም አሁን እመጣለሁ።

የጥንቱን መስተንግዶ የሚያወድሱ ጸሐፊዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ይሸሻሉ፤ ይኸውም የእንግዳውን እግር ያጠበው ማን ነው የሚል ነው። አንዳንድ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው፤ እርሱም መልካም ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ባርያ ነው። ሁለቱ እንግሊዞች ባለፉበት ዘመን በአልዩ አምባ አጠገብ፥ በአብዱል ረሱል፥ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር፤ ባርነትም በዐዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን በትልልቅ ሰዎች ቤት ከተሰናዳው ድግስ ውስጥ ስንቱ በዚህ ሰው ጉልበት እንደ ተሰናዳ ሳይነግረን የአባቶቻችንን ደግነት ብቻ የሚተርክ መጽሐፍ፥ ጽሑፉ ቢያምርም ግማሽ መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛዋ የተረሳች ሠራተኛ ሴቲቱ ናት። ኩታ ከገበያ ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ መስሎ ለሚታየው ለዛሬው ከተሜ፥ የቆላው ጥጥ ስንት እጅ እንደሚያልፍ ማስታወስ ይገባል። ፍሬው በመዳመጫ ይለቀቃል፤ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ ድርና ማግ እስኪሆን ድረስ ሴቲቱ ለብዙ ወር የማታ ዕረፍቷን ታጠፋበታለች። ባሏ በአንዲት ሌሊት ለእንግዳ የሚያለብሰው ጋቢ የእርስዋ የብዙ ወር ሌሊት ነው። እንግዳውም ሲነጋ የሚመርቀው ባለቤቱን ነው።

ፈትሉ ከሴቲቱ እጅ ወጥቶ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። በይፋት ይህ ሸማኔ ብዙ ጊዜ አርጎባ፥ ሃይማኖቱም እስልምና ነው። አርጎባዎች በንግድና በሽመና የታወቁ ናቸው። ልብ ብሎ ላሰበው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ክርስቲያኒቱ የፈተለችውን እስላሙ ይሠራዋል፤ እርሱ የሠራውን ነጠላ ክርስቲያኑ በመስቀለኛ አጣፍቶ ለቅዳሴ ይቆምበታል። ስለ ሸማ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ጥለቱን ሲተነትኑ ብዙ ገጽ ያጠፋሉ፤ ከሸማኔው ጕድጓድ አጠገብ ግን ቆመው የእርሱን ስምና ጸሎት አይጠይቁም።

ከአገራችን ጸሐፊዎች ወገን ስለ ድግስ ደፍረው የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1925 ዓ.ም. የታተመው «አዲስ ዓለም» የሚባለው መጽሐፋቸው፥ የተጉለት ተወላጅ የሆነው አወቀ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ወደ አገሩ ሲመለስ፥ ከዘመዶቹ ጋራ በልማድ ምክንያት የሚደርስበትን ጭቅጭቅ የሚተርክ ነው። ተጉለት ለይፋት የደጋ ጎረቤቱ ነውና ልማዱ ሩቅ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ የመርሐ ቤቴ ልጅ ስለ ሆኑ ነገሩን ከውስጥ ያውቁታል፤ በተዝካር ምክንያት የሚባክነውን ሀብት ሲነቅፉም እንደ ባዕድ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንን የሚወድ ሰው እንደሚነቅፍ ነው። ይህንን መጽሐፍ ማንም ካህን ሊያነብበው የሚገባ ነው እላለሁ፤ የሚነካው እኛን ነውና።

ነገር ግን አንድ ነቀፋ አለኝ። ታላቁ ጸሐፊ ድግሱን የሚያዩት በይበልጥ ከወጪው በኩል ነው። ድግስ ሀብትን ያጠፋል፤ እውነት ነው። ባለ ዕዳ ሆኖ የቀረ፥ በሬውን አርዶ በማግሥቱ የሚያርስበት ያጣ ገበሬ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ለመንደሩ ድኻ ሥጋ የሚበላበት ቀን ሌላ አልነበረም። ድግሱ ቢቀር ለዚህ ሰው ምን ይደረግለታል የሚለውን ጥያቄ አወቀ በፓሪስ ትምህርቱ ብቻ ሊመልሰው አይችልም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከደራሲው ሐሳብ በላይ መጽሐፉን ሕያው የሚያደርገው የዘመዶቹ እልህ ነው። ጸሐፊው ሊያሸንፏቸው ፈልገው ሳለ፥ ዘመዶቹ ክብራቸው እንደ ተነካ ሰው ሲከራከሩ፥ እንግዳ ያላበላ ቤት በእነርሱ ዘንድ ቤት እንዳልሆነ ይገባናል።

ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» ደግሞ የመንግሥቱን፥ የሹመቱንና የመሬቱን ሥርዓት ሰብስቦ ከመጥፋት ያዳነ መጽሐፍ ነውና ውለታው በቃል አይከፈልም። ይሁን እንጂ ማዕከሉ ቤተ መንግሥቱ ነው። ከእርሱ ወዲህ ስለ ባህል የጻፉ ብዙ ሰዎች የቤተ መንግሥቱን ግብር የአገር ሁሉ መስተንግዶ አድርገው መውሰዳቸው ግን የመጽሐፉ ጥፋት አይደለም፤ የአንባቢዎቹ ስንፍና ነው።

በይፋት ቆላ ያለው እውነተኛው ሥርዓት ከቤተ መንግሥቱ የተለየ ነው፤ በዚህ አገር እንግዳው ብዙ ጊዜ የሌላ ሃይማኖት ሰው ነውና። አንባቢ እንደሚያውቀው ክርስቲያኑ የእስላሙን፥ እስላሙም የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም። ታዲያ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሠርግም ኀዘንም በጋራ ነው። ምን ያደርጋሉ? ክርስቲያኑ ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቶቹ የሚታረደውን እንዲያርዱ እነርሱኑ ይጠራል፤ ድስቱም፥ ማማሰያውም፥ ወጥ የምትሠራው ሴትም ከእነርሱ ወገን ትሆናለች። እስላሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። በአንድ ግቢ ሁለት እሳት ይነድዳል። ይህ ሥርዓት ሃይማኖትን አላቀላቀለም፤ ሰውንም አልለየም። በሐሪስ ግብር ውስጥ ከተጻፈው የብርሌና የቀንድ ዋንጫ ወሬ ሁሉ ይህች ሁለተኛይቱ እሳት ትበልጣለች፤ ግን ማን ጻፋት?

ስለ ጥንት ልማድ ስንናገር ሁልጊዜ ያልተለወጠ ነገር አስመስለን መናገራችንም ስሕተት ነው። ቡናን እንውሰድ። ሁለቱ እንግሊዞች በይፋት በኩል በገቡ ጊዜ የሸዋ ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይጸየፈው ነበር። እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ነገሩ በዚህ ቆየና ከዚያ በኋላ እየላላ ሄደ። ዛሬ ቡና የማይፈላበት የክርስቲያን ቤት መስተንግዶ የተጓደለ ነው ይባላል፤ ስለ ባህል የሚጽፈውም ሰው የአባቶቻችን ሥርዓት ነው እያለ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ብሎ ይተርከዋል። ከጎረቤት የተማርነው ነው ብሎ ቢጽፍ ምን ነበረበት? ክብሩ ይበዛል እንጂ አይጎድልም።

ይህን የምለው ለወሬ ያህል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፥ በዚያ በኩል ያለው ሕዝብም ሲገደልና ሲፈናቀል፥ ስለ መቻቻልና ስለ እንግዳ ተቀባይነት የተጻፈው ውዳሴ ሁሉ ለማንም ጋሻ አልሆነም። ውዳሴ ጋሻ ሊሆን እንደማይችልም የታወቀ ነው። የትኛው ቤት ለየትኛው ጎረቤት ያርድ እንደ ነበረ፥ ድስቱ በማን ቤት ይቀመጥ እንደ ነበረ፥ ሸማኔው ለማን ይሠራ እንደ ነበረ ተዘርዝሮ ቢጻፍ ግን፥ ቢያንስ ከእሳቱ በኋላ የተወለደው ልጅ ምን እንደ ተቃጠለ ያውቅ ነበር። አሁን ያለው ጽሑፍ ይህን አይነግረውም። ሽማግሌዎቹም እያለፉ ነው።

የልብሱ ነገር ዛሬ እንዴት እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን በየሠርጉ የሚያዩት ነው። የባህል ልብስ የሚል ስም ተሰጥቶት በዓመት ጥቂት ቀን ይለበሳል። ከቻይና የሚመጣው ጥለት የታተመበት ጨርቅ ከሩቅ ሲታይ ሸማ ይመስላል፤ ዋጋውም ይረክሳልና ድኻ ቢገዛው አልፈርድበትም። እኔን የሚያሳዝነኝ የጨርቁ ነገር ሳይሆን አለባበሱን የሚያስተምር አለመኖሩ ነው። የኀዘን አዘቃዘቅ ለብሶ ሠርግ የሚሄድ ወጣት አይቻለሁ፤ ሙሽራው እንኳ አልደነገጠም። ስለ ልብሱ የሚጻፉት ጽሑፎችም ሰፊውን፥ ጠላፊውንና ዋጋውን ይነግሩናል፤ ትከሻ መቼ እንደሚገለጥ ግን አይነግሩም።

መንገዱም ሥራውን ሠርቷል። ጀውሃ የመኪና መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ በመንገድ ዳር እንግዳ ደንበኛ ይባላል፤ ከበላ በኋላ ይከፍላል። ይህም ቢሆን ክፉ አይደለም፤ በየቀኑ በአውቶቡስ የሚያልፈውን ሁሉ የእግዜር እንግዳ ነው ብሎ የሚችለው ቤት የለም።

እኔም አንድ ቀን ረቡዕ በዚያ ሳልፍ አውቶቡሳችን ጎማው ተበላሽቶ ቆመ። ፀሐዩ ከባድ ስለ ነበረ ከአንድ ቤት ጥላ ሥር ተጠጋሁ። አንድ ሽማግሌ ወጡ፤ ሽርጥ አገልድመዋል፥ ከላይ ካናቴራ ለብሰዋል፥ በትከሻቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገዋል። ሸማ የሚባል ነገር አልነበረባቸውም። ከእርሳቸው በዕድሜ አንሳለሁ፤ ሲያዩኝ ግን ፎጣውን ከትከሻቸው አውርደው በእጃቸው ያዙና «ኖር» አሉኝ። «ኧረ አባባ፥ አይነሡ፥ እኔ ነኝ የምነሣው» ብላቸው፥ «እንግዳ አይደለህ እንዴ ልጄ» ብለው አስገቡኝ። በአንገቴ ያለውን ማተብ አይተው፥ ጾም መሆኑን እንደሚያውቁ ነግረውኝ፥ ለልጃቸው ቅቤ ያልነካውን ድስት እንድታወጣ አዘዟት። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። ውኃውን በእጄ ላይ ያፈሰሱት ራሳቸው ናቸው፤ ፎጣውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመውት ነበር። ቡናው አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ገና ሳይቀዳ ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ሽማግሌው ወደ ደጅ ብቅ ብለው፥ «ጥቂት ይታገሠን በለው» ብለው ልጃቸውን ላኩበት።